ጥር ላይ የሱሉልታ ዳክዬዎች የት ይገባሉ?

ይሄን የውይይት ክር የከፈትኩት እኔ ነኝ። ከጠበቅኩት በላይ ረዝሟል። አሁን የሚገባ ሰው ከላይ እስከ ታች ማንበብ ይከብደዋል፤ መሃል ላይም ጭቅጭቅ ስላለበት ብዙዎች እዚያው ትተውት ወጥተዋል። ስለዚህ መነሻውንና መልሶቹን በቁጥራቸው ቅደም ተከተል፣ በራሴ አነጋገር አስቀምጣለሁ።

መነሻ ጽሑፍ

ከእንጦጦ ጀርባ፣ በጎጃም መንገድ ግራና ቀኝ፣ የሱሉልታ ሜዳ አለ። ክረምት ሲገባ ውሃ ይተኛበታል። ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እዚያ መሄድ ልማዴ ነው። ጥቅምት መጀመሪያ ላይ አንዲት ዳክዬ አየሁ። ምንቃሯ ደማቅ ቢጫ ነው፣ አናቱ ላይ ጥቁር መስመር አለው። ላባዋ ጠቆር ያለ ሆኖ ዳር ዳሩ ነጣ ስለሚል ከሩቅ የዓሣ ቅርፊት ይመስላል። ስምንት ጫጩቶች ከኋላዋ ተከትለዋት ሣር ውስጥ ገቡ። ቦታውን በአንድ የባሕር ዛፍ ጉቶ ምልክት አድርጌ ያዝኩና ሦስት ቅዳሜ ተመላለስኩ። ሦስቱንም ጊዜ አገኘኋት። ጥር ላይ ስሄድ ግን ሜዳው ደርቆ ተሰነጣጥቋል፣ ከብት ተሰማርቶበታል፣ አንድም ዳክዬ የለም። የት ገቡ? ሞቱ? ወደ አውሮፓ ሄዱ? ጥያቄዬ ይህ ነበር።

አንድ ሐሳብም ጨመርኩ። ዳክዬ ቤቷ ውሃው ሳይሆን የውሃው ዳር ነው አልኩ። ካየኋት አራት ቀን ሦስቱን ያገኘኋት ጭቃና ሣር ውስጥ እንጂ መሃል ውሃ ላይ አልነበረም። ብዙው ክርክር የተነሳው ከጥያቄው ሳይሆን ከዚህች ሐሳብ ነው።

መልስ 1

በጣም ትሑት ሰው ነው። ለጽሑፉ አመስግኖ፣ ዳክዬዎቹ የፈረንጆቹን ክረምት ሸሽተው የመጡ እንግዶች ስለሆኑ ወደ ሩሲያ ተመልሰው ይሆናል አለ።

መልስ 2

ነገሩ የተገላቢጦሽ መሆኑን በጨዋ ቋንቋ አስረዳ። ከሩሲያና ከአውሮፓ የሚመጡት ዳክዬዎች፣ ለምሳሌ ጭራቸው እንደ መርፌ የሾለውና ምንቃራቸው እንደ አካፋ የሰፋው፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ገብተው መጋቢትና ሚያዝያ ላይ ይመለሳሉ። ጥር ላይ እነሱ እዚሁ አገራችን ናቸው። እኔ የገለጽኳት ግን ከእኛ አገር እስከ ደቡብ አፍሪካ ድረስ የምትኖር፣ ከአህጉሩ የማትወጣ ቢጫ ምንቃር ዳክዬ ናት። በሳይንስ ስሟ አናስ ኡንዱላታ ትባላለች። የእኛ የሰሜኖቹ ዝርያ መጠሪያውን ያገኘው በፈረንጆች 1830ዎቹ ኢትዮጵያ መጥቶ ከነበረው ጀርመናዊ ተመራማሪ ከኤድዋርድ ሩፔል ነው። ክንፏ ላይ ያለው የሚያብረቀርቅ ቀለም የደቡቦቹ ወደ አረንጓዴ ሲያደላ የእኛዋ ወደ ሰማያዊ ያደላል። ዓመቱን ሙሉ አፍሪካ ውስጥ ሆና ውሃ ወዳለበት ትዘዋወራለች እንጂ ባሕር አትሻገርም።

መልስ 1 የጻፈው ሰው ወዲያው ተመልሶ እርማቱን ተቀበለ። እንዲህ ዓይነት ሰው ቢበዛልን።

መልስ 3

ፎቶ ጠየቀ። ፎቶ አልነበረኝም። የስልኬ ካሜራ ከዚያ ርቀት ነጥብ ብቻ ነው የሚያሳየው። እንደዚያው ነገርኩት።

መልስ 4

ለእኔ ዋናው መልስ ይሄ ነው። ጸሐፊው በቡራዩ በኩል ነው የሚኖረው። የገፈርሳ ግድብ አጠገብ በየቀኑ ያልፋል። ግድቡ በጣልያን ጊዜ የተጀመረ ነው፣ ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ 18 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፣ ውሃው በበጋ ይቀንሳል እንጂ አይደርቅም። ልጁ እንደሚለው ክረምት ላይ ቢጫ ምንቃሮቹ እዚያ ጥቂት ናቸው፣ ሁለት ሁለት ሆነው ነው የሚታዩት። ከገና በኋላ ግን ብዙ ሆነው በአንድ ላይ ተሰብስበው ያያቸዋል። የእኔዎቹ እዚያ መሄዳቸውን አልማለልኝም። የሚያየውን ብቻ ነው የነገረኝ። ግን አስቡት፣ ሜዳው ሲሞላ ለመፈልፈል ይበታተናሉ፣ ሲደርቅ ወደማይደርቀው ውሃ ይሰበሰባሉ። በአየር ለምትሄድ ዳክዬ ከሱሉልታ ገፈርሳ ሩቅ አይደለም።

መልስ 5

ጡረታ የወጡ የባዮሎጂ መምህር ናቸው። ጋሼ ብዬ ነው የመለስኩላቸው። ከክሩ ሁሉ ረጅሙን የጻፉት እሳቸው ናቸው፣ አንድም ትርፍ ቃል ግን የለበትም።

መጀመሪያ ያሉት፣ አላየሁም ማለትና የለም ማለት አንድ እንዳልሆነ ነው። ዳክዬ ከፈለፈለች በኋላ የክንፏን ትልልቅ ላባዎች ሁሉ ባንድ ጊዜ ታራግፋለች። ሌሎች ብዙ ወፎች አንድ አንድ እያሉ ነው የሚቀይሩት፣ ዳክዬ ግን አዲሱ እስኪበቅል ድረስ ለሳምንታት መብረር አትችልም። በዚህ ጊዜ ቀበሮም ውሻም ይይዛታል። ስለዚህ ድምፅዋን አጥፍታ ሸንበቆና ፊላ ውስጥ ትደበቃለች። ሰው በአጠገቧ ቢያልፍም አያያትም።

ሁለተኛው ስለ ምግቧ ነው። ጠልቃ የምትዋኝ ዓይነት አይደለችም። ጭራዋን ወደ ሰማይ ሰቅላ፣ አንገቷን ውሃ ውስጥ ከትታ፣ አንገቷ የሚደርስበትን ታህል ጭቃውን ትበረብራለች። ዘር፣ ሥር፣ ትላትልና የውሃ ነፍሳት ነው የምትበላው። ምንቃሯ ውስጥ እንደ ማበጠሪያ የተደረደረ ነገር አለ፤ ውሃው ይወጣል፣ ምግቡ ይቀራል። እንግዲህ አንገቷ የማይደርስበት ጥልቅ ውሃ ለመብል አይጠቅማትም ማለት ነው። የምትበላውም ይበልጡን አመሻሽና ሌሊት ስለሆነ ጠዋት ረፋዱ ላይ ዳር ላይ ተኝታ ትገኛለች።

ሦስተኛው ስለ ጎጆዋ ነው። ጎጆዋን መሬት ላይ፣ ጥቅጥቅ ያለ ሣር ውስጥ ትሠራለች። አራት ሳምንት ገደማ የምትታቀፈው እናቲቱ ብቻዋን ናት፤ ወንዱ ጥሎ ይሄዳል። ለምግብ ስትነሳ ከደረቷ የነጨችውን ለስላሳ ላባ እንቁላሎቹ ላይ ታለብሳለች፤ ሙቀቱ እንዳይጠፋ፣ ቁራም እንዳያይ። ጫጩቶቹ ከተፈለፈሉ ብዙም ሳይቆዩ እናታቸውን ተከትለው ውሃ ይገባሉ፣ ለመብረር ግን ከሁለት ወር በላይ ይፈጅባቸዋል። ያን ሁሉ ጊዜ መሸሸጊያቸው የዳሩ ሣር ነው።

በዳሩ ጉዳይ ከእኔ ጋር ተስማሙ። ደስ አለኝ፣ አልደብቅም።

መልስ 6 እስከ 9

እዚህ ጋ ወሬው ወደ ስም ሄደ። ስድስተኛው አያቱ ጎጃም ውስጥ ይብራ ይሏት እንደነበር አስታወሰ። ሰባተኛዋ ይብራ የትልቋ ስም ነው እንጂ የዚህች አይደለም አለች። ስምንተኛው ትልቋ ዝይ ናት ብሎ ቆረጠ። ዘጠነኛው ሦስቱንም ተሳስታችኋል ብሎ ምንም ሳያስረዳ ሄደ።

ይብራ የሚለው ቃል እንዲህ በአያት አፍ ብቻ እንዲቀር አልፈልግም። ልጆቻችን የሚያውቁት ዳክዬ የሚለውን ብቻ ነው፣ እሱንም ከካርቱን ነው የለመዱት።

መልስ 10

መምህሩ ተመለሱ። ትልቋ የሚሏት ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ከሆነች የእኛ ደጋ ወፍ መሆኗን ነገሩን። ውርጩን የምትችለው ላባዋ ወፍራም ስለሆነ ነው። ሣር ትግጣለች፣ በእግሯ መሄድ ታዘወትራለች። ዝይ ትባል እንጂ በዝምድና ከእውነተኞቹ ዝይዎች ይልቅ ለመካከለኛው አፍሪካ ጫካ ዳክዬ ትቀርባለች። ሱሉልታ ሜዳ ላይም ትታያለች። እኔም ሁለት ጊዜ አይቻታለሁ፣ ግን ስሟን ያወቅኩት በዚህ ክር ነው።

መልስ 11 እና 12

አንዱ ሥጋዋ ይጣፍጣል ወይ አለ። እኛ ዘንድ እንደማይበላ የነገረው ሌላው ጀርመን የሚኖር ሰው ነው። እዚያ በገና ዳክዬና ዝይ መብላት የተለመደ ነው፤ እሱ ግን አሥር ዓመት ኖሮ እስካሁን አልቀመሰም። ሁለት መልስ ብቻ ሆኖ ቆመ።

መልስ 13

ነገሩ የከረረው ከዚህ ጀምሮ ነው። ጸሐፊው ዳሩ ቤቷ ከሆነ ቤቷን የሚያፈርሱት ቄጠማ አጫጆች ናቸው አለ። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል በማጭድ የሚታጨደው ሣር ዳክዬዋ የምትታቀፍበት ነው። በእንቁላል ላይ ረግጠው ነው የሚያጭዱት። ቄጠማ መጎዝጎዝ ይከልከል፣ በፕላስቲክ ይተካ እስከ ማለት ደረሰ።

እኔ ዝም አልኩ። ዝም ማለት አልነበረብኝም። ክሩ የእኔ ነው፣ ፕላስቲክ ለቄጠማ ምትክ ሊሆን እንደማይችል ወዲያው መናገር ነበረብኝ።

መልስ 14

አንዲት ሴት መለሰች፤ እያንዳንዱ ዓረፍተ ነገር ይቆርጣል። እናቷ አምስት ልጅ ያሳደጉት ቄጠማ አጭደው ነው። በበዓል ዋዜማ ሌሊት 9 ሰዓት ተነስተው፣ እስከ ጉልበታቸው ውሃ ውስጥ ገብተው አጭደው፣ እስሩን በጀርባቸው አዝለው እንጦጦን ተሻግረው ሽሮ ሜዳ ያወርዱ ነበር። ቄጠማ ታጭዶ በሳምንታት ውስጥ ይመለሳል። የማይመለሰው ገልባጭ መኪና ገረጋንቲ ያፈሰሰበት ረግረግ ነው። እናቷ ያጭዱበት ከነበረው ቦታ አብዛኛው ዛሬ በቆርቆሮ ታጥሯል። ኤክስካቫተሩ ሲገባ ዳክዬ አለ ወይ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም። መልስ 13 የጻፈው ሰው ቤቱ ምን ላይ እንደተሠራ እንዲያጣራም ነገረችው።

እናቷ እንቁላል ሲያገኙ ያንን ጉብታ እንዳለ ትተውት ዙሪያውን እንደሚያጭዱም ጨመረች። እናቲቱ ዳክዬ ክንፏ የተሰበረ መስላ እየተንፏቀቀች ወደ ሌላ አቅጣጫ ስትወስዳቸው ጎጆ ቅርብ እንዳለ ያውቃሉ። እንዲህ ያለ ነገር ከመጽሐፍ አይደለም የሚገኘው። ጋሼም በመልስ 18 ላይ የክንፍ ስብራት የማስመሰሉ ነገር ዳክዬዎች በእርግጥ የሚያደርጉት መሆኑን አረጋገጡላት።

መልስ 15 እስከ 17

15ኛው ለሴትዮዋ አጨበጨበ። 16ኛው ከፎገራ የጻፈ የገበሬ ልጅ ነው፤ እሱም ተቆጥቷል፣ ግን በሁላችንም ላይ ነው የተቆጣው። ለእናንተ የቅዳሜ መዝናኛ የሆነችው ወፍ ለእኛ ሩዝ ትበላለች አለ። አመሻሽ ላይ ወንጭፍ ይዞ ማሳ ሲጠብቅ ነው ያደገው። በዚያ ላይ ጣና እምቦጭ ከወረረው ወዲህ ከብቱም ዓሣ አጥማጁም ተቸግሯል፤ ስለ ሰው ሳይወራ ስለ ዳክዬ መወራቱ አንገብግቦታል። 17ኛዋ በትሕትና ጠየቀችው፤ ማሳውን ይበልጥ የሚያበላሸው ዳክዬ ነው ወይስ በመንጋ የሚወርደው ትልቁ ባለ ረጅም እግር ወፍ? ክሬን ማለቷ ነው። እሱም ክሬኑ እንደሚብስ፣ ዳክዬ ይበልጡን ከአጨዳ በኋላ የረገፈውን እንደምትለቅም አመነ።

የእሱን ንዴት አልንቅም። ረግረግ ለዳክዬ ብቻ አይደለም፣ ለከብትም ለሩዝም ነው። እኔ በሳምንት አንዴ ነው የምሄደው፤ እሱ ይኖርበታል።

መልስ 18

ጋሼ ሰውን ለማረጋጋት ይመስለኛል ስለ እንቅልፍ ጻፉ። በፈረንጆች 1999 በታተመ ጥናት፣ ተደርድረው ከሚተኙ ዳክዬዎች ዳር ላይ ያሉት መሃል ካሉት ይልቅ ደጋግመው ወደ ውጭ ያለውን ዓይናቸውን ከፍተው፣ በግማሽ አንጎላቸው ብቻ እንደሚተኙ ታይቷል። መሃል ያሉት ግን ይበልጡን ሁለቱንም ዓይን ጨፍነው ይተኛሉ። ጥናቱ በሌላ የዳክዬ ዓይነት ላይ ነው የተሠራው። ጥቅምት ላይ ያየኋት ዳክዬ ጭንቅላቷን ጀርባዋ ላይ አድርጋ አንድ ዓይኗ እኔ ላይ ነበር። ተኝታለች ብዬ ስጠጋ ነው የተነሳችው። አሁን ገባኝ።

መልስ 19

መልስ 13 የጻፈው ሰው ተመለሰ። ይቅርታ አላለም፣ ግን የፕላስቲኩን ነገር አንስቷል። በእርግጥም ቤቱ የተሠራበት ሰፈር በልጅነቱ የእንቁራሪት ጩኸት የማያስተኛ ቦታ እንደነበር ጻፈ።

መልስ 20 እና 21

20ኛው ልማት ትጠላለህ ወይ አለኝ። የሐይቅ ዳር በድንጋይ ሲነጠፍ፣ መብራት ሲተከል፣ ቤተሰብ ሲዝናናበት ምን ይከፋል? ዳክዬዋ እንደሆነ ውሃው አልተወሰደባትም።

መልሴን ሳልጨርስ ከዋሽንግተን የምትጽፍ እህት ቀደመችኝ። እዚያ ካፒቶል በሚባለው የአሜሪካ ምክር ቤት ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው ሰፊ ገንዳ ጠርዙ ቀጥ ያለ ድንጋይ ነው። ጫጩቶች ይገባሉ፣ መውጣት ግን አይችሉም። በፈረንጆች 2017 መወጣጫ ተሠራላቸው። ስለ ወጪውም ፖለቲከኛ ሳይቀር ተነጋግሮበታል። እሷ በሥራ እረፍቷ ሄዳ አይታዋለች።

ለ20ኛው የምለው ይሄው ነው። መዝናኛውን አልጠላም፣ እኔም ልጆቼን ይዤ እሄዳለሁ። ግን ዙሪያውን ሁሉ ቀጥ ባለ ግንብ አንዝጋው። ከአራቱ አንዱ ጎን ሣር ሆኖ ይቅር። እናቲቱ ትበራለች፤ መዳፍ የማታክል ጫጩት ግንብ አትወጣም።

መልስ 22

ከሰሜን እስራኤል፣ ከሁላ ሸለቆ አካባቢ የሚሠራ ወንድማችን ነው። እዚያ የነበረው ረግረግ በፈረንጆች 1950ዎቹ ለእርሻና ወባን ለማጥፋት ሲባል ተጠንፍፎ ደርቆ ነበር። የደረቀው ጥቁር አፈር ውስጥ ለውስጥ ይነድ ጀመር፣ ነፋስ ይወስደዋል፣ ቆሻሻው ወደ ገሊላ ባሕር ይወርዳል። በፈረንጆች 1990ዎቹ ከፊሉን መልሰው ውሃ አስገቡበት። አሁን ኅዳር ላይ ሰማዩ በክሬንና በዳክዬ ይሸፈናል። ከአውሮፓ ተነስተው በዚያ ከሚያልፉት አንዳንዶቹ ወደ አፍሪካ ይቀጥላሉ። የእናቱ አገር ጎንደር ነው። አንዷ ወፍ ሁለቱንም አገር ታይ ይሆናል ብሎ ቀና ብሎ ያያቸዋል። ይሄን መልስ ሦስት ጊዜ አነበብኩት።

መልስ 23 እና 24

አንድ ቅን ሰው መፍትሔ አመጣ። ከእርባታ ዳክዬ ገዝቶ ሜዳው ውሃ ሲይዝ ሊለቅ ፈለገ። መልስ 2 የጻፈው ሰው እባክህ እንዳታደርገው ብሎ ተማጸነው። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ከአውሮፓ የመጣው አረንጓዴ ራስ ዳክዬ ተለቆ ከቢጫ ምንቃሯ ጋር እየተዳቀለ ነው። ዲቃሎቹ ራሳቸው መልሰው ስለሚራቡ የአገሬው ዝርያ እንዳይጠፋ ያሰጋል። ብዙው የቤት ዳክዬ ደግሞ የዚያው የአረንጓዴ ራሱ ዘር ነው። ሰውየው ሐሳቡን ወዲያው ተወ።

መልስ 25

አጭር ናት። ከሐረር። የሐሮማያ ሐይቅ ደርቆ ሰው በእግሩ ሲሻገረው አይቷል። ውሃው በቅርብ ዓመታት ሲመለስ ወፎቹም አብረው ሲመለሱ አይቷል። ማን እንደጠራቸው አላውቅም ብሎ ጨረሰ።

ከዚህ በኋላ እኔ አንድ ነገር አደረግሁ። መልስ 4 በነገረኝ መሠረት የካቲት ውስጥ አንድ ቅዳሜ ወደ ገፈርሳ ሄድኩ። ከመንገዱ ላይ ቆሜ ነው ያየሁት። ከሩቁ ዳር፣ ጭቃው ላይ፣ ቢጫ ምንቃር መቁጠር ጀመርኩ፤ 60 ላይ ስደርስ ተነስተው ተደበላለቁብኝ። የእኔዎቹ ስምንት እዚያ ውስጥ ይኑሩ አይኑሩ በምን ይለያል? ግን ቆሜ ቀረሁ። ይህን ክሩ ላይ ስጽፍ የመጨረሻው መልስ መጣ።

መልስ 26

የቄጠማዋ ልጅ ናት፣ መልስ 14። ጥያቄዬን ለእናቷ አንብባላቸዋለች። እናቷ የሰጡት መልስ፣ በጥር ሜዳው ደረቀ የሚለው መኪና መንገድ ዳር ቆሞ የሚያይ ሰው ነው። ከሜዳው በታች፣ ወንዙ በሚታጠፍበት፣ ምንጭ የሚያንጠባጥብበት ጉድባ አለ። ፊላው ሰው ይውጣል። በበጋ አንዳንዶቹ እዚያ ናቸው፣ ሲመሽ ይጮኻሉ፣ ሴቷ ታንቋርራለች፣ ወንዱ ያፏጫል። እግራቸው ታሟል፣ አሁን አያጭዱም፣ ግን ቦታውን ለማሳየት እስከዚያ መሄድ ይችላሉ። ቦቲ ጫማ ይዘህ ና ብለውኛል። የፊታችን ቅዳሜ፣ 11 ሰዓት ላይ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ።